የአስቤስቶስን ብናኝ የተከታተሉት ሐኪም ዶክቶር ኢርቪንግ ሴሊኮፍ

በዛሬው የእሑድ ገጻችን የሕይወት ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሰው የጦር መሪ ወይም የአገር አስተዳዳሪ አልነበሩም። ዶክቶር ኢርቪንግ ሴሊኮፍ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ናቸው። ስማቸው በዓለም የታወቀው አዲስ መሣሪያ በመፈልሰፍ ሳይሆን፣ የአንድ ሙያ ሠራተኞችን ስም ከመዝገብ አውጥተው ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን እንደ ሞተና በምን ምክንያት እንደ ሞተ ለብዙ ዓመታት በትዕግሥት በመከታተላቸው ነው። መዝገብ መያዝ ሥራው የሆነ ወጣት ሹም ወይም ቍጥር የሚሰለቸው ተማሪ ቢኖር ይህን ታሪክ እስከ መጨረሻው እንዲያነብልን እንወዳለን። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ አስቤስቶስ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አስቤስቶስ ከመሬት ተቈፍሮ የሚወጣ ማዕድን ነው። ድንጋይ ይሁን እንጂ በተፈረፈረ ጊዜ እንደ ጥጥ ይባዘታል፤ ይፈተላል፤ ይሸመናል። እሳት አይበላውም፤ ሙቀትም በቀላሉ አያስተላልፍም። ስሙ ራሱ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን የማይጠፋ ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ የመርከብና የፋብሪካ ማሞቂያ ጋን፣ የእንፋሎት ቧንቧ፣ የመኪና ፍሬን ሸራ፣ ከሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ የቤት ክዳን፣ ይህን የመሰለው ሁሉ በእርሱ ይሠራ ነበር። ርካሽ ከመሆኑም በላይ ከእሳት አደጋ ሕይወት ያተርፋል ተብሎ ይመሰገን ነበር። ምስጋናውም ሐሰት አልነበረም። ክፋቱ ያለው በብናኙ ላይ ነው። ብናኙ ከጠጕር እጅግ የቀጠነ ክር ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ ሰው ሲተነፍስ ወደ ሳንባው ጥግ ይገባል። በሳንባ ውስጥ ባዕድ ነገር እየዋጡ የሚያጠፉ ሕዋሳት አሉ፤ ነገር ግን ረጅሙን የድንጋይ ክር መዋጥ ስለማይችሉ በትግሉ ላይ እነርሱው ይሞታሉ። ቦታው ይቈስላል፤ ጠባሳ ያበጃል፤ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላም የሳንባ መድረቅ ወይም ካንሰር ይመጣል።

ኢርቪንግ ሴሊኮፍ በኒውዮርክ ከተማ ብሩክሊን በሚባለው ክፍል በ1915 ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሩሲያ ግዛት ወደ አሜሪካ የተሰደዱ አይሁዶች ነበሩ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ ተምረው በ1935 ተመረቁ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚቀበሏቸውን የአይሁድ ልጆች ቍጥር ስለሚወስኑ፣ እንደ ብዙ ጓደኞቻቸው የሕክምናውን ትምህርት ፍለጋ ባሕር ተሻግረው ወደ ስኮትላንድ ሄዱ። የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ ትምህርታቸው ከአገር ወደ አገር የተቈራረጠ ሆነ። ከሞቱ በኋላ አንድ እንግሊዛዊ የታሪክ ጸሐፊ ይህንኑ የትምህርት ማስረጃቸውን አንሥቶ ክርክር አስነሥቷል፤ ሌሎች ጸሐፊዎችም መልስ ሰጥተውታል። እኛ ወደዚያ ክርክር አንገባም። የሞቱትን ሠራተኞች ቍጥር አንድም ሰው ሊቀንስ ስላልቻለ የዲግሪው ነገር ከዋናው ጉዳይ የራቀ ይመስለናል።

በመጀመሪያ ስማቸውን ያስጠራው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ነው። በኒውዮርክ ስታተን በምትባለው ደሴት ላይ ሲ ቪው የተባለ ትልቅ የሳንባ በሽተኞች ሆስፒታል ነበረ። በዚያ ከዶክቶር ኤድዋርድ ሮቢትዜክ ጋር ሆነው በ1951ና በ1952 ኢሶናያዚድና ኢፕሮናያዚድ የተባሉትን መድኃኒቶች ፈተኑ። መድኃኒቱ የተሰጣቸው ሌላው ሕክምና ሁሉ ያልረዳቸው፣ ሞታቸውን የሚጠባበቁ ሰዎች ነበሩ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትኵሳታቸው ወረደ፤ የምግብ ፍላጎታቸው ተመለሰ፤ ክብደታቸው ጨመረ። ከአልጋ የማይነሡ የነበሩት በሆስፒታሉ ውስጥ እስከ መጨፈር ደረሱ፤ ወሬውም በየጋዜጣው ወጣ። ሴሊኮፍም በ1955 የላስከር ሽልማት ከተሰጣቸው ሐኪሞች አንዱ ለመሆን በቁ። ኢሶናያዚድ እስከ ዛሬ ድረስ በአገራችን ጭምር የሳንባ ነቀርሳ የሚታከምበት መድኃኒት ነው። ኢፕሮናያዚድ ደግሞ የበሽተኞቹን መንፈስ በማነቃቃቱ ሐኪሞች ተገርመው ስለ ተከታተሉት፣ ለከባድ ትካዜ በሽታ ከታወቁት የመጀመሪያ መድኃኒቶች አንዱ ሆኗል።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ክብር ላይ ተቀምጦ ይኖር ነበር። ሴሊኮፍ ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኒው ጀርሲ ክፍለ ሀገር በፓተርሰን ከተማ ክሊኒክ ከፍተው ነበር። ፓተርሰን በሐር ሽመና የታወቀች የሠራተኞች ከተማ ናት። አንድ ቀን የአስቤስቶስ ሠራተኞች ማኅበር አባሎቹን እንዲያክሙለት ጠየቃቸው፤ የመጡትም 17 ሰዎች ነበሩ። ሰዎቹ የሚሠሩበት ፋብሪካ ከ1941 ጀምሮ ለአሜሪካ የባሕር ኃይል መርከቦች የሙቀት መከላከያ ሲያመርት የነበረ ነው። የሚሠራበትም አሞሳይት የተባለው የደቡብ አፍሪካ አስቤስቶስ ነበር። ስሙ በእንግሊዝኛ የደቡብ አፍሪካ አስቤስቶስ ማዕድን ከሚለው የመጀመሪያ ፊደሎች የተገጣጠመ ነው።

ዓመታት ባለፉ ቍጥር እነዚያ 17 ሰዎች በየተራ ይታመሙ ጀመር። አንዱ በሳንባ ካንሰር፣ ሌላው በሳንባ መድረቅ፣ ሌላው ደግሞ ሜሶቴሊዮማ በሚባለው የሳንባና የሆድ ዕቃ ሽፋን ካንሰር ተያዘ። ይህ የመጨረሻው በሽታ እጅግ ብርቅ ከመሆኑ የተነሣ ብዙ ሐኪም በዕድሜው አንድ እንኳ ሳያይ ይሞት ነበር። ከ17ቱ አብዛኞቹ በእነዚህ በሽታዎች እንዳለቁ በኋላ ተረጋግጧል። ፋብሪካው ግን በ1954 መኪናዎቹን ነቅሎ ታይለር ወደተባለች የቴክሳስ ከተማ ሄዷል። ብናኙም አብሮ ሄደ፤ የታይለሩ ፋብሪካ የተዘጋው በ1972 ነው።

አስቤስቶስ ሳንባን እንደሚጎዳ አስቀድሞ ያልታወቀ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት መርማሪዎች በ1930 ጽፈው፣ በማግሥቱ ዓመት ደንብ ወጥቶ ነበር። በ1955 ሪቻርድ ዶል የተባሉት ሊቅ በፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የሳንባ ካንሰር መብዛቱን አሳይተዋል። በ1960 ደግሞ ዶክቶር ክሪስቶፈር ዋግነርና ጓደኞቻቸው በደቡብ አፍሪካ 33 የሜሶቴሊዮማ በሽተኞችን መዝግበው፣ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከአስቤስቶስ ማዕድን አካባቢ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው አስታወቁ። ታዲያ ሴሊኮፍ ምን ጨመሩ ቢባል፣ የፋብሪካ ባለቤቶች ይሰጡት የነበረውን መልስ ማፍረሳቸው ነው። መልሱም ይህ አደጋ ዱሮ ብናኝ በሚበዛበት ፋብሪካ የነበረ ነው፣ ሕንፃና መርከብ ላይ ቧንቧ የሚሸፍን ሠራተኛ ግን የሚነካው ጥቂት ብቻ ስለሆነ አያሠጋውም የሚል ነበር።

ይህን ለመመርመር የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ያስፈልጋል። ሴሊኮፍ ከኩባንያው መዝገብ ቢጠይቁ አላገኙም። በዚህ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ሠራተኞች ማኅበር መለሱ። በኒውዮርክና በኒውዋርክ የሚገኙት የቧንቧ ሸፋኞች ማኅበሮች የአባሎቻቸውን ስም፣ የገቡበትን ዘመንና የሞቱበትን ቀን በጥንቃቄ ይመዘግቡ ነበር። ይህን ያደርጉ የነበረው ለሳይንስ ብለው አልነበረም፤ መዋጮ ለመሰብሰብና ለሟች ቤተ ሰብ ገንዘብ ለመክፈል ነበር እንጂ። ነገር ግን ስሙ ያልታወቀ አንድ የማኅበር ጸሐፊ በየቀኑ የጻፈው ይህ መዝገብ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የከለከሉትን ማስረጃ አስገኘ። የካንሰር ማኅበሩ የስታቲስቲክ ሊቅ ካይለር ሐመንድና የፓተርሰኑ የአስከሬን መርማሪ ዶክቶር ጄኮብ ቸርግ አብረዋቸው ሠሩ።

ከ1943 በፊት ወደ ሙያው የገቡ 632 ሰዎች ተመዘገቡ፤ እስከ 1962 መጨረሻም አንድ በአንድ ተከታተሏቸው። ከእነዚህ ውስጥ 255ቱ ሞተዋል። በእነርሱ ዕድሜ ካለው ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲመዛዘን በሳንባና በሳንባ ሽፋን ካንሰር መሞት የሚገባቸው ሰባት የማይሞሉ ሲሆኑ፣ የሞቱት ግን 45 ሆነው ተገኙ። በጨጓራና በአንጀት ካንሰር ከ10 በታች ይጠበቅ ነበር፤ 29 ሞቱ። ሜሶቴሊዮማ አራት ሰው ገድሏል፤ አስቤስቶሲስ የተባለው የሳንባ መድረቅ ደግሞ 12 ሰው። ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ በሚያዝያ 1964 ወጣ። በሕይወት የነበሩትን 1,117 ሠራተኞች ደግሞ በራጅ ቢመረምሩ ከግማሽ ጥቂት በሚያንሱት ሳንባ ላይ የበሽታው ምልክት ታየ። በሙያው ላይ ከሃያ ዓመት በላይ በቆዩት ላይ ምልክቱ ያልታየባቸው ጥቂቶች ነበሩ።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በኒውዮርክ የሳይንስ አካዳሚ ጥላ ሥር ከብዙ አገር የመጡ ሊቃውንት የተሰበሰቡበትን ጉባኤ መሩ። የአስቤስቶስ ጨርቅ አምራቾች ጠበቆች በጉባኤው የሚነገረው ነገር በጥንቃቄ እንዲሆን የሚያሳስብ ደብዳቤ ላኩ። ሴሊኮፍ ግን ወሬውን በሐኪሞች አዳራሽ ውስጥ ብቻ አልተዉትም። ጋዜጠኞችን ይጠራሉ፤ ከሠራተኞች ጋር ይነጋገራሉ፤ በምክር ቤት ቀርበው ይመሰክራሉ። አንዳንድ የሙያ ጓደኞቻቸው ይህን አልወደዱላቸውም። ሐኪም ዝም ብሎ በመጽሔቱ ላይ ይጻፍ የሚሉ ነበሩ። እኛ ግን እንዲህ ብለን እንጠይቃለን፤ መጽሔቱን የማያነብ ቧንቧ ሸፋኝ ነገሩን ከማን ይስማ?

በ1968 ደግሞ ሌላ ጽሑፍ አወጡ። 370 ቧንቧ ሸፋኞችን ለአምስት ዓመት ያህል ተከታትለው ነበር። ሲጋራ ከሚያጨሱት ወይም ቀድሞ ያጨሱ ከነበሩት 283 ሰዎች 24ቱ በሳንባ ካንሰር ሲሞቱ፣ ከቀሩት 87 ሰዎች በዚህ በሽታ አንድም አልሞተም። ቍጥሩ ትንሽ ስለ ነበር በዚህ አልረኩም። በአሜሪካና በካናዳ ያሉትን 17,800 ሸፋኞች በሙሉ መዝግበው ከ1967 መጀመሪያ አንሥቶ ለአሥር ዓመት ተከታተሉ። ውጤቱ በ1979 ሲወጣ፣ ከአስቤስቶስም ከሲጋራም ከራቀ ሰው ይልቅ አስቤስቶስ ብቻ የነካው 5 እጥፍ፣ ሲጋራ ብቻ ያጨሰ 11 እጥፍ፣ ሁለቱን የደረበ ግን 53 እጥፍ ያህል በሳንባ ካንሰር ለመሞት የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ። ተማሪ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉት የምንፈልገው፣ 5ና 11 ሲደመሩ 16 ቢሆኑም በሰው ሳንባ ውስጥ ግን የተባዙ ያህል መሆናቸውን ነው።

የፓተርሰንንም ሰዎች አልረሱም። በጦርነቱ ጊዜ በዚያ ፋብሪካ ለጥቂት ወራት ብቻ ተቀጥረው የሄዱትን ሁሉ አስፈልገው መዘገቡ። አንድ ወር ያልሞላ ጊዜ የሠሩት እንኳ ከዐሥርት ዓመታት በኋላ ከሌላው ሰው ይልቅ በሳንባ ካንሰር ተጎድተው ተገኙ። ከዚህ የከፋው ግን የቤተ ሰቡ ጉዳይ ነው። ሠራተኛው ማታ ብናኝ የለበሰውን ልብሱን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ሚስቱ አራግፋ ታጥባለች፤ ልጁ ሮጦ ያቅፈዋል። ሴሊኮፍና ረዳቶቻቸው በ1970ዎቹ እነዚያን ሚስቶችና ልጆች በራጅ ሲመረምሩ ከሦስቱ በአንዱ ያህል ሳንባ ላይ ምልክት አገኙ፤ በሜሶቴሊዮማ የሞቱም ነበሩ። ፋብሪካውን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች ናቸው።

የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞችን ደኅንነት የሚጠብቅ ሕግ በ1970 ካወጣ በኋላ፣ በአየር ውስጥ ስንት የአስቤስቶስ ክር ይፈቀድ የሚል ክርክር ተነሣ። ኩባንያዎቹ በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር አየር 5 ክር ይሁን ሲሉ፣ ሴሊኮፍና የሠራተኞች ማኅበሮች ከ2 አይበልጥ አሉ። ይህ የትንሽ ቍጥር ጠብ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት ሥራ 8 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይተነፍሳል ብለን ብናሰላ፣ በ5 ሒሳብ በቀን 40 ሚሊዮን፣ በ2 ሒሳብ 16 ሚሊዮን ክር ወደ ሳንባው ይገባል ማለት ነው። በ1972 የወጣው ደንብ መጀመሪያ 5፣ ከ1976 ጀምሮ 2 እንዲሆን ወሰነ። አራት ዓመት ለኩባንያዎቹ የማስተካከያ ጊዜ ተሰጣቸው፤ ለሳንባ ግን የማስተካከያ ጊዜ አልነበረውም። ይኸው ቍጥር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተቀነሰ በ1994 ወደ 0.1 ወርዷል።

በዚያው ዘመን በኒውዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል መንታ ሕንፃዎች ይሠሩ ነበር። የብረቱን ዐምድ ከእሳት ለመጠበቅ አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ውሑድ በመርጫ ይነፋበት ስለ ነበር፣ ብናኙ እንደ በረዶ በመንገደኛው ላይ ይወርድ ነበር። ሴሊኮፍና በማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ያቋቋሙት ላቦራቶሪ አጥብቀው ተቃወሙ። በ1970 በአንደኛው ሕንፃ ወደ 40ኛው ፎቅ ሲደርስ በሌላ ውሑድ ተተካ፤ ከተማይቱም በ1971 እንዲህ ያለውን መርጨት ከለከለች፤ በ1973 ክልከላው በአገር ሙሉ ሆነ። የተረጨው ግን በሺህ በሚቈጠሩ ሕንፃዎች ውስጥ ቀረ።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ይህን ክር በኬሚስትሪ አክሞ ጉዳቱን ማብረድ አይቻልም ወይ? ጥያቄው በሴሊኮፍ ዘመንም ተነሥቷል። በላቦራቶሪያቸው ከሐኪሞች ጎን አርተር ላንገርን የመሰሉ የማዕድን ሊቅ የተቀመጡትም ክሩ ምን እንደሆነና ለምን እንደሚጎዳ ለማወቅ ነበር። በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ በሥራ ላይ የዋለው ነጩ አስቤስቶስ፣ ክሪሶታይል የሚባለው፣ በጥልቅ ሲታይ እንደ ጥቅል ብራና ነው። ከውስጥ ያለው ገጽ ሲሊካ፣ ከውጭ ያለው የማግኒዚየም ውሕድ ሲሆን፣ ሁለቱ እኩል ስለማይሰፉ ተጠቅልሎ ቀጭን ቱቦ ይሆናል። አሲድ በነካው ጊዜ ማግኒዚየሙ ይሟሟል፤ የሚቀረው የሲሊካ አጥንት ደካማ ስለሆነ ይሰባበራል። ማግኒዚየሙ በብዛት የተነቀለለት ክር በአይጦች ላይ ሲፈተን ያስከተለው ካንሰር ካልታከመው ያነሰ እንደሆነ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተጽፏል። በካናዳ ኬቤክ ደግሞ ክሩን በፎስፈረስ ውሕድ እንፋሎት በማጠን ጉዳቱን ለመቀነስ ተሞክሯል። ማዕድኑ የክፍለ ሀገሩ ሀብት ስለ ነበር ተስፋው ታላቅ ነበር። ነገር ግን በኬሚስትሪ የታከመ ክርም ቢሆን የሚተነፈስ ክር ነውና፣ ገበያውን ሊያድነው አልቻለም።

የተሳካው ከዚህ የተለየ አሳብ ነው፤ ይኸውም ክሩን ገርቶ ለመሸጥ ሳይሆን ክርነቱን ጨርሶ ለማጥፋት። ሴሊኮፍ ከሞቱ በኋላ በ1998 በኒውዮርክ አጠገብ ያለው የብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ግሬስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ሆኖ ፎስፎሪክ አሲድና ጥቂት የፍሎራይድ ጨው ያለበት አረፋ ሠራ። አረፋው በሕንፃ ብረት ላይ በተረጨው ውሑድ ላይ ሲደረግ ክሪሶታይሉን በያለበት ያሟሟዋል፤ ውሑዱ ግን ሳይፋቅ እሳት መከላከሉን ይቀጥላል። በፈረንሳይ አገር ሞርሴንክስ በተባለ ቦታ ደግሞ የአስቤስቶስን ውዳቂ በከፍተኛ ሙቀት አቅልጠው ወደ ጥቁር መስተዋት ይለውጡታል፤ ዘዴው ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚፈጅ ውድ ነው። አሲድ ግን ለሁሉም ዓይነት አይሠራም። የፓተርሰን ሰዎች የተነፈሱት አሞሳይት ብረት ያለበት ሌላ ወገን ስለሆነ ለአሲድ በቀላሉ አይበገርም። ሳንባ ውስጥ የገባን ክር ደግሞ በማናቸውም መድኃኒት አሟሙቶ ማውጣት አልተቻለም።

ዶክቶር ሴሊኮፍ በ1982 ከጣሊያናዊው ሐኪም ከቼዛሬ ማልቶኒ ጋር ሆነው በዓለም ያሉ የሥራ በሽታ ሊቃውንት የሚገናኙበትን ራማዚኒ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። የላቦራቶሪያቸውን ኀላፊነት በ1985 ለቀቁ፤ ሥራቸውን ግን አልለቀቁም። በግንቦት 1992 በኒው ጀርሲ በ77 ዓመታቸው አረፉ። በማውንት ሳይናይ ያለው የሠራተኞች ክሊኒክ በስማቸው ይጠራል፤ በ2001 መንታዎቹ ሕንፃዎች ከፈረሱ በኋላ ፍርስራሹን ያነሡት ሠራተኞች ለምርመራ ከሄዱባቸው ቦታዎች አንዱም እርሱ ነበር። አስቤስቶስ እየተባለች ትጠራ የነበረችው የኬቤክ ከተማ ማዕድኗን ዘግታ በ2020 ስሟን ቫል ዴ ሱርስ ብላ ለወጠች። ካናዳ በ2018 አስቤስቶስን ከለከለች፤ የአሜሪካ መንግሥትም የቀረውን ክሪሶታይል የሚከለክለውን ደንብ ያወጣው በመጋቢት 2024፣ የ632ቱ ሰዎች መዝገብ ከታተመ ከ60 ዓመት በኋላ ነው።